ብቻዋን መቅረትና ድምፅ የምትፈራው ውሻችን፦ የጠቀማትና ያልጠቀማት

ውሻችን ዳማ ብቻዋን ቤት መቆየት አትችልም ነበር። ነጎድጓድ፣ ርችት ወይም ድንገት የሚላተም የብረት በር ስትሰማ ደግሞ አልጋ ሥር ገብታ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ ግማሽ ቀን ብቻዋን ትቆያለች፤ ስንመለስም ብዙውን ጊዜ ከእንቅልፏ ነው የምትነሳው። እዚህ ለመድረስ ብዙ ወራት ፈጅቶብናል። ከነዚያ ወራት የሚበዙት ያለቁት ግን የማይጠቅም ነገር ስንሞክር ነው። አሁን እዚያው ውስጥ ላላችሁ ያ ጊዜ ይትረፋችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በቤታችን ያየሁትን፣ ከሐኪማችን የተማርኩትንና በኋላ እያነበብኩ ያጣራሁትን ነው።

ዳማ ወደ እኛ ስትመጣ ቡችላነቷን ጨርሳለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጸጥ ያለች፣ ከእግራችን ሥር የማትጠፋ ውሻ ነበረች። መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች፤ ከመቀመጫዬ ስነሳ አብራኝ ትነሳለች። ፍቅር ነው ብለን ደስ አለን። ፍቅርም ነበረበት። ውሻ ከክፍል ክፍል ስለተከተላችሁ ብቻ ታሟል ማለት አይደለም። በሩ ሲዘጋበት ማልቀስና መቧጨር ከጀመረ ግን ልብ በሉት።

ነገሩን የነገሩን ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ማታ ደጅ ላይ አገኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ይቺ ውሻ እናንተ ከወጣችሁ ጀምሮ እስክትመለሱ ነው የምታላዝነው። አንጀቴን በላችው” አሉኝ። የበሩ መቃን ከሥሩ ተልጦ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወለል በለሃጭ ርሶ ያገኘንባቸው ቀናት ያን ጊዜ ትርጉማቸው ገባን።

ከዚያ ምክር ይዘንብ ጀመር። “እልህ ነው”፣ “ትታችኋት ስለሄዳችሁ አኩርፋ ነው”፣ “ያበላሸችው ጋ ወስዳችሁ ቅጧት”። “ያጠፋችውንማ ታውቃለች፤ ዓይኗን አታዩም እንዴ?” የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ነው። ይህን ጉዳይ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ፈትናዋለች። ባለቤቱ ውሻውን ምግቡን እንዳይነካ ይከለክልና ከክፍሉ ይወጣል። ሲመለስ ውሻው በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አይደለም። ያ “ጥፋተኛ” የምንለው ፊት በብዛት የታየው ውሻው ሲያጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፤ ምንም ያልነካውም ውሻ ሲቆጡት ያንኑ ፊት አሳይቷል። ዓይኑን የሚሰብረው ቁጣችሁን አይቶ እንጂ ከሰዓታት በፊት ያደረገውን አስታውሶ አይደለም።

ስለዚህ ስትመለሱ ቤቱ ተተራምሶ ብታገኙት ዝም ብላችሁ አጽዱት። የተቆጣችሁት ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መመለሳችሁም የሚያስፈራ መሆኑን። ያን ጊዜ ስትሄዱም ይጨነቃል፣ የምትመጡበት ሰዓት ሲደርስም ይጨነቃል።

በቤታችን የመጀመሪያው ጠቃሚ ሥራ ስልክ መደርደሪያ ላይ አቁሞ ከወጣን በኋላ የሚሆነውን መቅረጽ ነበር። ካላያችሁ አታውቁም። የሰለቸው ውሻ ጫማ ያኝካል፣ ትራስ ይቀድዳል፣ ከዚያ ይተኛል። የመለየት ጭንቀት፣ ማለትም ከሰዎቹ ሲለይ የሚይዘው ፍርሃት ያለበት ውሻ ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምረዋል፤ ይንጎራደዳል፣ ያለከልካል፣ ያላዝናል፣ የሚቧጭረውም መውጫውን ማለትም በሩንና መስኮቱን ነው። ዳማ ላይ ልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው። በጣም የምትወደውን የዶሮ ሥጋ ሳህኗ ላይ ትተንላት እንወጣለን። ቪዲዮው ላይ አጠገቡ እየተመላለሰች አንዴም አታሸተውም። እኛ በሩን ከፍተን ስንገባ፣ ጭራዋን እየቆላች ሄዳ ትበላዋለች። ርቧት ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ጉሮሮዋን ዘግቶት ነበር።

የሞከርናቸውንና ያልሠሩትን ቶሎ ብዬ ልለፋቸው። ከመውጣታችን በፊት እስክትደክም ማስሮጥ፦ ለጤናዋ ጥሩ ነው፣ ፍርሃት ግን የተረፈ ጉልበት ስላልሆነ በሩጫ አያልቅም፤ የደከመች ዳማ እንደደከመች ታለቅስ ነበር። ቴሌቪዥን ከፍቶ መተው፦ ምንም ለውጥ አላመጣም። ሁለተኛ ውሻ ማምጣት፦ እኛ አላደረግነውም፣ ሐኪማችንም አልመከረችንም፤ እንዲህ ያለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚናፍቀው ሰው ነውና ሌላ ውሻ ቦታውን አይሞላለትም። ሲጮህ የሚነዝር ወይም የሚረጭ የአንገት ማሰሪያ ደግሞ ጩኸቱን ቢያስቆም እንኳ ፍርሃቱን አያስቆምም፤ በፍርሃቱ ላይ ሕመም ይጨምርበታል። እባካችሁ ለዚህ ችግር አትግዙት።

ውሻ ተዘግቶበት የሚቆየው የሽቦ ቤት ግን ለብቻው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በቅንነት የሚመክረው እሱን ነው። “ውሻ ጠባብ ቦታ ደስ ይለዋል፣ ይረጋጋል” ይላሉ። ወዶ ለሚገባበትና በሩ ተከፍቶ ለሚተኛበት ውሻ እውነት ነው። በድንጋጤ ውስጥ ላለ ውሻ ግን የሚያመልጥበት ቀዳዳ ሁሉ ተዘጋበት ማለት ነው። ዳማን እዚያ ዘግተንባት ወጥተን ስንመለስ ድዷ ደምቶ፣ የፊት እግሯ ጥፍር ተሰንጥቆ አገኘናት። ያንኑ ቀን ከቤት አወጣነው። ውሻችሁ በሽቦ ቤት ውስጥ የሚያለከልክ፣ ሽቦውን የሚነክስ ከሆነ “ይለምደዋል” ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጥርስ ይሰበራል።

ነገሩን የቀየረው ባለቤቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ለቅሶዋን መስማት ስላልቻልን ቪዲዮዎቹን የምናየው ድምፃቸውን ዘግተን ነበር። እሱ አንድ ቀን የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ጠራኝና አንዱን ቪዲዮ መልሶ አሳየኝ። ዳማ ትንሽ ትንጎራደድና ምንጣፏ ላይ ጋደም ትላለች። አገጯን መሬት ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ከሩቅ፣ በስልኩ ላይ በቅጡ እንኳ የማይሰማ፣ የብረት በር ሲላተም ይሰማል። ጆሮዋ ይቆማል፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ትነሳና ቀጥ ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ማላዘኑ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሌሎቹንም ከፈትናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም፣ ግን በብዙዎቹ ከለቅሶው በፊት አንድ ድምፅ ነበር።

እኛ ሁለት ችግር አለባት ብለን ነበር የምናስበው፤ ብቻዋን መሆን ትፈራለች፣ ድምፅም ትፈራለች። ሁለቱ ግን ተጋግዘው ነበር። ድምፅ ሲያስደነግጣት የምትሸሸው ወደ እኛ ነው፤ እኛ በሌለንበት ግን የምትሸሽበት የለም። እንዲህ ደጋግሞ ሲደርስባት ባዶው ቤት ራሱ የሚያስፈራ ሆነ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው። የእንስሳት ሐኪሞችም የመለየት ጭንቀትና የድምፅ ፍርሃት በአንድ ውሻ ላይ አብረው ሲታዩ ማየት ለእነሱ የተለመደ እንደሆነ ይናገራሉ። ደግሞም ለእኛ ጸጥ ያለ ቤት ለውሻ ጸጥ ያለ አይደለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ሲሆን የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል፤ እኛ የማንሰማውን ደካማ ድምፅም ይሰማል። ስለዚህ ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ይህ ይሁን፦ ቪዲዮውን ድምፁን ከፍታችሁ እዩት።

ያንን ይዘን ሐኪም ጋ ሄድን። የጠየቀችን የመጀመሪያ ጥያቄ ያልጠበቅነው ነበር፤ “ድምፅ መፍራት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው? ደረጃ ስትወጣ፣ ከተኛችበት ስትነሳ ልዩነት አያችሁ?” የሚል። አይተናል፤ ግን እድሜዋ ነው ብለን ትተነው ነበር። ስትመረምራት የኋላ እግሯ መጋጠሚያ ላይ ሕመም አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ድምፅ የሚፈሩ ሃያ ውሾችን ለሁለት ከፍሎ አይቷል፤ አሥሩ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም ያለባቸው፣ አሥሩ የሌለባቸው። ሕመም ያለባቸው ውሾች ድምፅ መፍራት የጀመሩት በእድሜ ከፍ ካሉ በኋላ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ውሻው ድምፅ ሰምቶ ሲደነግጥ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ የታመመው ቦታ ይወጋዋል፣ ከዚያ ሕመሙን ከድምፁ ጋር ያያይዘዋል። የዳማ ሕመም መታከም ሲጀምር ፍርሃቷ አልጠፋም፤ ሆኖም ከድንጋጤ በኋላ ወደ ራሷ የምትመለስበት ጊዜ አጠረ። በእድሜዋ የገፋች ውሻችሁ ድንገት ድምፅ መፍራት ከጀመረች፣ ወይም ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረች፣ ስልጠና ከመጀመራችሁ በፊት አስመርምሯት። የሽንት ቧንቧ ሕመምም ጭንቀት ይመስላል።

ስለ መድኃኒት ማውራት ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ እኔም ውሻዬ ደንዝዛ ጥግ ላይ ተኝታ ነበር የታየችኝ። እንደዚያ አይደለም። ለመለየት ጭንቀት የሚታዘዙ፣ በአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለውሻ የተፈቀዱ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ ክሎሚፕራሚን እ.ኤ.አ. በ1998፣ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ በ2007። ሁለቱም የተፈቀዱት ከባሕርይ ስልጠና ጋር አብረው እንዲሰጡ ነው፤ ብቻቸውን ተአምር አይሠሩም። ሙሉ ውጤታቸውም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ “በሦስተኛው ቀን ምንም አልሠራም” ብላችሁ አታቋርጡ። ዳማ ፍሉኦክሰቲን ነበር የተሰጣት። መጀመሪያ ላይ የምግብ ፍላጎቷ ቀነሰ፣ ከዚያ ተመለሰ። መድኃኒቱ ለእኔ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ስልጠናው የሚገባበት ቀዳዳ መክፈቱ ነው፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ አእምሮ አይማርም።

ለርችት ወይም ለነጎድጓድ ቀን ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ። ከነሱ አንዱ ዴክስሜዴቶሚዲን ያለበት፣ በጉንጭና በድድ መካከል የሚቀባ ጄል ነው። እንዲሠራ መዋጥ ሳይሆን እዚያው መቅረት አለበት። አሴፕሮማዚን ብቻውን ከታዘዘላችሁ ግን ሐኪሙን ደግማችሁ ጠይቁ፤ ሰውነትን ያስተኛል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳም፣ ውሻው መንቀሳቀስ ሳይችል እየፈራ ሊቆይ ይችላል። የሰው መድኃኒት ከመሳቢያችሁ አውጥታችሁ በግምት አትስጡ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ሐኪማችን ያስቀመጠችልን አንድ ሕግ ነበር፦ ስልጠናው እስኪያልቅ ዳማ ከምትችለው በላይ ብቻዋን አትቀርም። የሚቻል አልመሰለንም ነበር። ባለቤቴ የሥራ ሰዓቱን አቀያየረ፣ እኔ አንዳንድ ቀን ይዣት ሄድኩ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ የሰሙት ጎረቤታችን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ “እኔ ጋ ትዋል፣ ለእኔም ጓደኛ ናት” አሉን። ይህን ሕግ ዝለሉትና ሌላውን ሁሉ ብትሠሩ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ጠዋት አንድ ደቂቃ በእርጋታ እንድትቆይ አስተምራችኋት ከሰዓት በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ስታላዝን ብትተዋት፣ የምታስታውሰው የከሰዓቱን ነው። ሰው ለማስቸገር ካፈራችሁ፣ ውሻ ለሚጠብቅ ሰው የምትከፍሉት ገንዘብ ለተሰበረ በር ከምትከፍሉት ላይበልጥ ይችላል።

መጀመሪያ የመውጫ ምልክቶቻችንን ማርከስ ነበረብን። ዳማ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሆና የቦርሳዬ ዚፕ ሲከፈት ጭንቅላቷን ታነሳ ነበር። ስለዚህ ቁልፉን አነሳለሁ፣ ወጥ ቤት እሄዳለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ጫማዬን አድርጌ ተቀምጬ አነባለሁ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ቀኑን ሙሉ አትደጋግሙት። አንዳንድ ውሻ ቁልፍ በየደቂቃው ሲንቃጨል “መቼ ነው የሚሄዱት?” እያለ ሳያርፍ ይውላል። ጥቂት ጊዜ፣ ተራርቆ፣ ውሻው ዘና ባለበት ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ በሩ። ወደ በሩ ሄጄ እጄን እጀታው ላይ አደርጋለሁ፣ እመለሳለሁ። ስትነሳ አልናገራትም፣ አልቆጣትም፣ አላባብላትም፤ ስትጋደም እንደገና እጀምራለሁ። እጀታውን ማዞር። በሩን በጣት ስፋት መክፈት። ወጥቶ ወዲያው መግባት። በሩን ዘግቶ መግባት። እስከዚህ ደህና ሄድን። የበሩ ቁልፍ ሲዞር ግን ያ “ቀጭ” የሚለው ድምፅ ሁሉንም አፈረሰው፤ በሩ ሲዘጋ ያልተነሳች ውሻ በዚያች ድምፅ ዘልላ ቆመች። ከሁለቱ ፍርሃቶች የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር፣ ሁለቱም ነበሩ። ስለዚህ ቁልፉን ለብቻው ወሰድነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እኔ ውስጥ ቆሜ፣ “ቀጭ” አደርግና ቁራጭ ዶሮ እጥልላታለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እጄ ማየት ጀመረች። ያን ቀን ባለቤቴን ሥራ ቦታው ደውዬ ነገርኩት።

እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይኖራል። የአሳንሰር ደወል፣ የመኪና ሞተር ሲነሳ፣ የውጭው በር ማጠፊያ ሲጮህ። ልምምዱ የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ አልሄድ ካለ ውሻውን ግትር ነው ከማለታችሁ በፊት ያንን ነገር ፈልጉት።

ውጭ ስሆን በሌላ ስልክ በቪዲዮ አያታለሁ። ዓላማው ስታለቅስ መመለስ አይደለም፤ ከማልቀሷ በፊት መመለስ ነው። የሚታዩት ምልክቶች ትንንሽ ናቸው፤ እንቅልፍ ሳይኖር ማዛጋት፣ ከንፈር መላስ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ሙቀት ሳይኖር ማለክለክ፣ አንድ እግር አንስቶ መቆም። ከነዚህ አንዱን ካየሁ ገብቼ በሚቀጥለው ጊዜ አሳጥረዋለሁ። ሰዓቱንም በቀጥታ አታሳድጉት። ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ሰላሳ ሰከንድ፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ፤ ሁልጊዜ እየከበደ የሚሄድ ልምምድ ውሻውን ያስጨንቀዋል። ለእኛ ከባዱ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነበር። እሱን ካለፈች በኋላ በደቂቃ ሳይሆን በሩብ ሰዓት መጨመር ቻልን።

ምግብ የተሞላ መጫወቻ ሰጥቶ መውጣት በሁሉም ቦታ የሚሰጥ ምክር ነው። ጭንቀቱ ቀላል ለሆነ ውሻ ይሠራል። ዳማ ግን መጫወቻውን ስታይ ልንወጣ መሆኑን አወቀች፤ ምግቡ ሲያልቅም ድንጋጤው እዚያው ይጠብቃታል። ስለዚህ ከቁልፉ ድምፅ በቀር ከበሩ ልምምድ ምግብን አውጥተን ለድምፅ ልምምድ ብቻ አዋልነው። የኦቾሎኒ ቅቤ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ዛይሊቶል የሚል ጣፋጭ እንደሌለበት አንብቡ፤ ለውሻ መርዝ ነው። የምትቀቅሉት ሥጋም ሽንኩርት አይግባበት።

ለድምፁ የነጎድጓድና የርችት ቅጂ አግኝተን በጣም ዝቅ አድርገን ጀመርን፤ ዳማ ጆሮዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ የምትመለስበትን ያህል። ከስልክ ይልቅ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ይሻላል፣ የስልክ ድምፅ የነጎድጓዱን ወፍራም ጉርምርምታ አያወጣውምና። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ነገር ነው። ድምፁ ይቀድማል፣ ምግቡ ወዲያው ይከተላል። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት፣ ዶሮው ቀድሞ ድምፁ ከተከተለ፣ ዶሮው ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆንና የምትወደውን ምግብ መሸሽ ትጀምራለች። ልምምዱ አጭር ይሁን፤ ምግቡን ካልወሰደች ድምፁ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ቅጂ የእውነተኛውን ነጎድጓድ ብልጭታና የአየር ግፊት አይዝም፤ ስለዚህ መሠረት ነው እንጂ ሙሉ መድኃኒት አይደለም፣ መጀመር ያለበትም የነጎድጓዱ ወቅት ሳይደርስ ወራት ቀደም ብሎ ነው።

ቅጂ ባይኖራችሁም የምትሠሩት አለ። ሳይታሰብ ድምፅ በተሰማ ቁጥር፣ በር ቢላተም፣ ድስት ክዳን ቢወድቅ፣ ወዲያው በደስታ ድምፅ ቁራሽ ምግብ ወርውሩ። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ስቴፋኒ ሪመር የተባለች ተመራማሪ ከ1,200 በላይ የውሻ ባለቤቶችን ስለ ርችት ፍርሃት ጠይቃ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትማለች። ከየፍንዳታው በኋላ ምግብ ወይም ጨዋታ ከሰጡት ባለቤቶች ከ100ው ከ70 በላይ የሚሆኑት ረድቶናል ብለዋል። ቀላል ነው፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይጀመራል።

ነጎድጓዱ በእውነት ሲመጣ ስልጠና የለም፤ ያን ቀን ሥራችን ማለፍ ነው። ዳማ የመረጠችው ቦታ አልጋ ሥር ስለሆነ ከዚያ ማውጣቱን ትተን እዚያው ወፍራም ብርድ ልብስ አነጠፍንላት፣ የአልጋ ልብሱንም እስከ መሬት አወረድነው። መጋረጃ እንዘጋለን፣ ቬንትሌተር እንከፍታለን፣ ድምፁ ያለማቋረጥ ስለሚሰማ የውጭውን ይሸፍነዋል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተኝቶ እጁን ከአልጋው ሥር ይዘረጋላታል፤ ስትፈልግ አገጯን መዳፉ ላይ ታሳርፋለች። “ብታባብሏት ፍርሃቱን ታስለምዷታላችሁ” የሚለውን አትስሙ። ፍርሃት ስሜት ነው፤ ስትፈራ አጠገቧ መሆን ፍርሃትን ሽልማት ማድረግ አይደለም። የማትፈልግን ውሻ ግን ይዛችሁ አታስገድዱ፣ ምርጫው የእሷ ይሁን።

ርችት እንደሚተኮስ በሚታወቅበት ማታ ሳይጨልም አንሸራሽረናት እንገባለን፤ በሩንና መስኮቱን ሁለት ጊዜ እናያለን። በእንዲህ ያለ ምሽት ደንግጠው አጥር ዘልለው የሚጠፉ ውሾች ብዙ ናቸው፣ አንገት ላይ ስልክ ቁጥር ያለው ማንጠልጠያ ይኑር፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) ካለም የተመዘገበው ቁጥር የአሁኑ መሆኑን አረጋግጡ።

ወደ ኋላ የምትመለስበት ቀን ይመጣል። ዳማ ብቻዋን ለሁለት ሰዓት ያህል መቆየት ደርሳ ሳለ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ጎማ አጠገቧ ፈነዳ። በማግሥቱ ቁልፍ ሳነሳ እንደ ጥንቱ ማለክለክ ጀመረች። ልቤ ተሰበረ። ሐኪማችን፣ “ለጥቂት ቀን ምንም አትለማመዱ፣ ድንጋጤ በድንጋጤ ላይ ይደራረባል፤ ከዚያ ከቻለችው ጀምሩ እንጂ ካቆማችሁበት አይደለም” አለችን። ከደቂቃዎች ጀመርን፤ መጀመሪያ ወራት የፈጀውን መንገድ በዚህኛው ጊዜ በሳምንታት መለስነው። ውሻችሁ ክፉ ቀን ያየበት ሳምንት ላይ ሰዓት አትጨምሩ።

ዳማ ርችት ዛሬም አትወድም፤ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ግን ዶሮ ስንሰጣት ትበላለች፣ ሲያበቃም ራሷ ትወጣለች። መድኃኒቷን በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው፤ በራሳችሁ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አታቋርጡት። አሠልጣኝ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ዘዴውን ጠይቁት። “አልቅሳ አልቅሳ ትተዋለች” ወይም “ርችቱ መሃል ውሰዷት፣ ትለምደዋለች” ካለ ሌላ ፈልጉ። ውሻችሁ ራሷን የምትጎዳ፣ ከመስኮት ለመዝለል የምትሞክር ከሆነ ደግሞ ስልጠናውን ብቻችሁን አትጀምሩት፤ በቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱ ቪዲዮውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመውጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚጀምር፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት የያዘ፣ ድምፁ የሚሰማ ይሁን። በየቀኑ የምትፈራቸውን ድምፆች፣ ከየትኛው በኋላ ምን እንዳደረገችና ለመረጋጋት ምን ያህል እንደፈጀባት በወረቀት ጻፉት፤ ሐኪማችን ከእኛ ከሰማችው ይልቅ የተጠቀመችበት ያንን ወረቀት ነው።